ጠይቁ፣ እንመልስ፦ ውሃ የሚያስቋጥረው እጢ፣ ከአንገት ያልመጣው የታይሮይድ ሆርሞንና ጭጋግ የለበሰው የዚንክ ኦክሳይድ ሽፋን

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤዎች መርጠናል፤ ሁለቱ ከጤና፣ አንዱ ከፊዚክስ ላቦራቶሪ። የመጀመሪያው ሰፊ ቦታ ወስዷል፤ ተመሳሳይ ጥያቄ በተደጋጋሚ ስለሚደርሰን ነው።

«እናቴ 56 ዓመቷ ነው፤ የወር አበባዋ ከቆመ ስድስት ዓመት አልፎታል። ከሦስት ወር ወዲህ ሆዷ እየተነፋ፣ ትንሽ ስትራመድ ትንፋሽ እያጠራት መጣ። በቀኝ ሳንባዋ ዙሪያ ውሃ አለ ተብሎ ሁለት ጊዜ ተቀዳላት፤ ግን ተመልሶ ሞላ። አልትራሳውንድ ሆዷ ውስጥ ውሃ፣ ግራ ኦቫሪዋ ላይ ደግሞ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠጣር እጢ አሳየ። ሲኤ 125 የሚባለው የደም ምርመራ 310 ሆነ። ካንሰሩ ሳንባዋ ደርሷል የሚል ነገር ሰምተን ቤተሰቡ ተስፋ ቆርጧል። የተቀዳው ውሃ ሲመረመር ግን የካንሰር ሴል አልተገኘበትም። ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል?» (ከደሴ)

ይችላል። እዚህ ተቀምጠን «ካንሰር አይደለም» ልንልዎ አንችልም። ነገር ግን የጻፉልን ምልክት በሙሉ ካንሰር ባልሆነ አንድ እጢም ሊመጣ ይችላል፤ የኦቫሪ ፋይብሮማ ይባላል። ከኦቫሪ ደጋፊ ሕብረ ሕዋስ የሚነሳ ጠጣር እጢ ሲሆን ከኦቫሪ እጢዎች ሁሉ ከመቶ አራት ገደማ ቢሆን ነው። ማረጫ ዕድሜ አካባቢ ያሉ ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል። አብዛኛው ምንም ምልክት ሳያሳይ ይኖራል፤ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያለፈው ግን አንዳንዴ ሆድ ውስጥ ውሃ ያስቋጥራል። ከመቶ ፋይብሮማ አንዱ ያህል ደግሞ ሳንባ ዙሪያም ውሃ ያመጣል። እጢው፣ የሆዱ ውሃና የደረቱ ውሃ አንድ ላይ ተገኝተው፣ እጢው ሲወጣ ውሃው በዚያው ከጠፋ ሜግስ ሲንድረም ይባላል። ስሙ የመጣው ከቦስተኑ የማህፀን ሐኪም ከጆ ቪንሰንት ሜግስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ከአንድ ባልደረባው ጋር ሰባት እንዲህ ያሉ ታማሚዎችን ጽፎ አሳትሟል።

የደረቱ ውሃ የሚመጣው ከሆድ ነው። ሆድና ደረትን በሚለየው ድያፍራም ውስጥ ባሉ የሊምፍ መተላለፊያዎች ሽቅብ ይሻገራል፤ በቀኝ በኩል ስለሚቀለው አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው ቀኙ ነው። ከላይ ሲቀዱት ከታች የሚተካው ለዚህ ነው። መቅዳቱ ትንፋሽ ያስታግሳል እንጂ አያድንም። ሲቀዳም በአንድ ጊዜ ከ1.5 ሊትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ተጫኖ የቆየ ሳንባ በድንገት ሲለቀቅ ራሱ ውሃ ሊያዝል ይችላል።

አሁን ወደ 310 እንምጣ። የሲኤ 125 የተለመደ ጣሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር 35 ዩኒት ነው። ይህን ፕሮቲን ግን የካንሰር ሴል ብቻ አይደለም የሚያመነጨው፤ ሆድን፣ ሳንባንና ልብን የሚያለብሰው ስስ ሽፋንም ሲቆጣ ያመነጨዋል። ስለዚህ ውሃ የቋጠረ ሆድ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ጉበት ቢሆን፣ ቲቢ ቢሆን፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ሲበቅል) ቢሆን ያው ነው። በሜግስ ሲንድረም በመቶዎች የሚቆጠር ውጤት መታየቱም አዲስ ነገር አይደለም።

ሐኪሞቹ የደነገጡት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። አርኤምአይ የሚባለው የስጋት ማስሊያ ሦስት ቁጥሮችን ያባዛል፦ የአልትራሳውንድ ነጥብ፣ የማረጥ ነጥብና ሲኤ 125። ከአምስት የአልትራሳውንድ ምልክቶች ማለትም ብዙ ክፍል ያለው ከረጢት፣ ጠጣር ክፍል፣ በሁለቱም ኦቫሪ መገኘት፣ የሆድ ውሃና ሌላ ቦታ መሰራጨት፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ከተገኘ 3 ነጥብ ይሰጣል። የወር አበባዋ የቆመ ሴትም 3 ታገኛለች። እናትዎ ጠጣር እጢና የሆድ ውሃ ስላላቸው 3 ሲባዛ በ3 ሲባዛ በ310፣ 2790 ይሆናል። መቁረጫው 200 ነው። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ችግሩ የሆዱ ውሃ ሁለት ጊዜ መቆጠሩ ነው፤ አንድ ጊዜ በአልትራሳውንዱ ነጥብ፣ ሌላ ጊዜ ራሱ ባናረው ሲኤ 125። አርኤምአይ የሚጠቅመው «ይህች ታካሚ የማህፀን ካንሰር ቀዶ ሕክምና ወደሚሠራበት ሆስፒታል ትላክ» ለማለት ነው። ለዚያ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ እናትዎም መላክ አለባቸው። የበሽታውን ምንነት ግን አይናገርም።

ከቁጥሩ ይልቅ እኛ የምናምነው ምስሉን ነው። ፋይብሮማ በአልትራሳውንድ ላይ ጥርት ያለ ጠርዝ ያለው፣ ጠቆር ያለ ጠጣር ክብ ሆኖ ይታያል፤ ከጀርባው ደግሞ ጥቁር ጥላ ይዘረጋል። በቃጫ የታጨቀው ሥጋ ድምፁን ውጦ ስለሚያስቀረው ነው። የደም ፍሰትን በሚያሳየው በዶፕለር አልትራሳውንድ ሲታይ የደም ፍሰቱ ጥቂት ነው። ይህ ጥላ ለኦቫሪ እጢ ምርመራ በወጡት የአዮታ ቀላል ደንቦች ካንሰር ያለመሆን ምልክት ሆኖ ይቆጠራል፤ የሆድ ውሃ ደግሞ በተቃራኒው የካንሰር ምልክት ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ደንቡ «አልተወሰነም» ብሎ ያቆማል። የእናትዎ ሪፖርት ላይ ስለ ጥላውና ስለ ደም ፍሰቱ የተጻፈ ከሌለ ልምድ ያለው ባለሙያ፣ በተቻለ መጠን በብልት በኩል በሚገባው መሣሪያ፣ ደግሞ እንዲያያቸው ይጠይቁ። አንድ ተጨማሪ ነገርም ይፈተሽ፦ በዚያው በግራ በኩል ጤነኛ ኦቫሪ ለብቻው ይታያል? ከታየ እጢው የኦቫሪ ሳይሆን ከማህፀን በቀጭን ግንድ የተንጠለጠለ ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን ጡንቻ እጢ) ሊሆን ይችላል፤ ከማህፀን ወደ እጢው የሚሻገሩ የደም ሥሮች ከታዩ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ሁለቱ በጣም ይመሳሰላሉ።

ኤምአርአይ ማግኘት ከቻላችሁ ፋይብሮማ ቲ1 እና ቲ2 በሚባሉት በሁለቱም የምስል ዓይነቶች ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ መድኃኒት ሲሰጥም ቀስ ብሎ በጥቂቱ ብቻ ይደምቃል። ጠጣር ሆኖ በቲ2 እንዲህ የጠቆረ ካንሰር ብዙ አይገጥምም። ሲቲ ስካን ይህን ልዩነት በደንብ አያሳይም፤ የሚጠቅመው መሰራጨትን ለማየት ነው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ምርጫውን ለቀዶ ሐኪሙ ይተዉ፤ እኛ ግን ጥላው በአልትራሳውንድ ግልጽ ከሆነ ሁለቱንም ባታሠሩ አናዝንም።

በአገራችን ሁኔታ ቲቢን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። የሆድ ዕቃ ቲቢ የሆድ ውሃ፣ የደረት ውሃና የናረ ሲኤ 125 ያመጣል። ከውሃው ላይ የሴል ቆጠራ፣ ፕሮቲን፣ አልቡሚንና ኤዲኤ የሚባለው ኢንዛይም ይሠራ። በቲቢ ሊምፎሳይት የሚባለው የነጭ ደም ሴል ይበዛል፤ ኤዲኤውም ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ39 ዩኒት ያልፋል። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ ምርመራ በሆድ ውሃ ላይ ሲሠራ ብዙ ቲቢ ስለሚያመልጠው «ኔጌቲቭ» ማለቱ ብቻውን ቲቢ አለመኖሩን አያረጋግጥም። ብዙ ጊዜ የምናየው ስህተት ግን ተቃራኒው ነው፤ የቲቢ መድኃኒት በግምት ተጀምሮ እጢው እያለ ወራት ይነጉዳሉ። ቲቢ 12 ሳንቲ ሜትር ጠጣር፣ ጥላ የሚጥል እጢ አይሠራም።

አንድ ነገር አጥብቀው ይከልከሉ፦ እጢውን በመርፌ ወግቶ ናሙና መውሰድ። ካንሰር ከሆነ ከረጢቱ ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ወደ ሆድ ሊያፈሰውና ደረጃውን ሊያሳድገው ይችላል፤ ፋይብሮማ ከሆነ ደግሞ በመርፌ የምትወጣው ቅንጣት በቂ መልስ አትሰጥም። ውሃውን መቅዳት ይቻላል፤ እጢውን መውጋት አይቻልም።

የመጨረሻው መልስ የሚገኘው በቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ውሃውን ለሴል ምርመራ ይቀዳል፣ ሆዱን ሁሉ ይፈትሻል፣ ከዚያ እጢውን ሳይቆራርጥ በሙሉ ያወጣዋል። ለሁለት ሲሰነጠቅ ፋይብሮማ ጠንካራ፣ ነጭ፣ እንደ ተጠቀለለ ክር ጥምዝምዝ ያለበት ገጽ ያሳያል፤ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ፣ የሚፈረፈር፣ ደም የረጨበትና የሞተ ቦታ ያለበት ነው። በቀዶ ጥገናው ሰዓት በቅዝቃዜ ተቆርጦ የሚታይ የፓቶሎጂ ምርመራ ባለበት ሆስፒታል መሠራቱ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ካንሰር አለመሆኑ ከታየ የሊምፍ ዕጢና የአንጀት መሸፈኛ ስብ ማውጣት አያስፈልግም። በእናትዎ ዕድሜ ሁለቱም ኦቫሪዎች ከቱቦዎቻቸው ጋር ይወጣሉ። መውለድ በምትፈልግ ወጣት ላይ ቢሆን ግን እጢው ብቻ ወይም አንዱ ኦቫሪ ብቻ ይወጣል።

ናሙናው ፓቶሎጂ እስኪደርስም የሚበላሽበት መንገድ አለ። ፎርማሊን በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ 12 ሳንቲ ሜትር እጢ ሙሉውን ባልዲ ውስጥ ከተነከረ መሃሉ ፎርማሊኑ ሳይደርሰው ይበሰብሳል። ወዲያው በየአንድ ሳንቲ ሜትሩ ተከፍቶ በ10 በመቶ ፎርማሊን፣ ከእጢው መጠን ቢያንስ አሥር እጥፍ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ፓቶሎጂስቱም በእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ስፋት ቢያንስ አንድ ቁራጭ ይወስዳል። ሴሎቹ የበዙበት ፋይብሮማ ካንሰር ከሆኑት ከፋይብሮሳርኮማ ወይም ከግራኑሎሳ ሴል እጢ ጋር ሊያጠራጥር ስለሚችል በሁለት ቁራጭ የተጻፈ ሪፖርት አይብቃዎት፤ ስንት ቁራጭ እንደታየ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ፋይብሮማ ከሆነ የደረቱ ውሃ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ ሲኤ 125ም ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ይመለሳል። ውሃው እጢው ከወጣ በኋላም ተመልሶ ከሞላ ግን ምርመራው እንደገና ከፓቶሎጂ ስላይዱ ይጀመር።

«31 ዓመቴ ነው። ልቤ ይመታል፣ ኪሎ ቀንሻለሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ቲኤስኤች በጣም ዝቅ፣ ቲ4 ከፍ ብሏል ተባልኩ። የአንገቴ አልትራሳውንድ ግን ደህና ነው። ለሌላ ጉዳይ ስታይ ቀኝ ኦቫሪዬ ላይ 6 ሳንቲ ሜትር ዴርሞይድ ተገኘ። ይገናኛሉ?» (ከአዳማ)

አልፎ አልፎ ይገናኛሉ። ቲ4 የታይሮይድ ሆርሞን ነው፤ ቲኤስኤች ደግሞ ታይሮይድን የሚያዝዘው ሆርሞን ነው። ዴርሞይድ ፀጉርም ጥርስም ሊያበቅል የሚችል እጢ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ የታይሮይድ ሥጋ ይይዛል። ከግማሽ በላዩ ታይሮይድ ከሆነ ስትሩማ ኦቫሪ እንለዋለን። እንዲህ ካለባቸው ሴቶች ሆርሞኑ የሚበዛባቸው ከመቶ ከ5 እስከ 8 ብቻ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የተለመዱት ይፈተሹ፦ የግሬቭስ በሽታ (የሰውነት መከላከያ ታይሮይድን ከልክ በላይ የሚያሠራበት) ፀረ-አካል፣ የታይሮይድ ብግነት፣ ከሌላ ሰው ወስደው የዋጡት ክኒን ካለም እሱ።

እነዚህ ካልሆኑ ቁልፉ የአዮዲን ስካን ነው። በግሬቭስ አንገት አዮዲኑን ይስባል። በስትሩማ ግን አንገቱ ባዶ ሆኖ ዳሌ ውስጥ ይበራል፤ ስለዚህ ባለሙያው ካሜራውን ዳሌ ላይም እንዲያሳርፍ አስቀድመው ይንገሩት፤ ካልተነገረው አንገቱን ብቻ አንስቶ ይሸኝዎታል። ከዚያ በፊት የእርግዝና ምርመራ ግዴታ ነው። የሚያጠቡም ከሆነ ይናገሩ። አልትራሳውንዱም ሊጠቁም ይችላል፦ በተለመደ ዴርሞይድ ውስጥ ያለው ጠጣር ክፍል ደም አይዘዋወርበትም፤ በስትሩማ ውስጥ ግን ለስላሳ ጠርዝ ያለው፣ ደም የሚዘዋወርበት ክብ ይታያል።

ሕክምናው ኦቫሪው ላይ ያለውን ማውጣት ነው። ነገር ግን የታይሮይድ ሆርሞኑ በመድኃኒት፣ የልብ ምቱም በፕሮፕራኖሎል ሳይረጋጋ ቀዶ ጥገና እንዳይገቡ። ከወጣ በኋላ ደግሞ ሲያርፍ የከረመው የአንገት ታይሮይድ ሥራ እስኪጀምር ሆርሞን ሊያንስዎት ስለሚችል ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ቲኤስኤች ይደገም።

«እኔና የላብ ጓደኛዬ ለማስተርስ ማሟያ የዚንክ ኦክሳይድ ስስ ሽፋን በሶል-ጄል፣ ማለትም ፈሳሽ መፍትሄ ብርጭቆ ላይ እየዘረጋንና እያሞቅን፣ እየሠራን ነው። 0.5 ሞላር መፍትሄ፣ በደቂቃ 3000 ዙር፣ ስምንት ንብርብር፣ በየንብርብሩ 120 ዲግሪ ማድረቅ፣ መጨረሻ ላይ 500 ዲግሪ። ሽፋኑ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል፤ ባንድ ጋፑ 3.1 ኤሌክትሮን ቮልት ይመጣል፤ ሬዚስታንሱ ጠዋት ሌላ ከሰዓት ሌላ ነው። አማካሪያችን አሉሚኒየም ጨምሩበት ይሉናል።» (ከባህር ዳር)

አሉሚኒየሙ ይቆይ። መጀመሪያ ጭጋጉ ይጥፋ፤ ባንድ ጋፑን (ኤሌክትሮን ከቦታው ተነስቶ እንዲንቀሳቀስ የሚያስፈልገውን ጉልበት) ያዛባባችሁም እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ጥፋቱ ያለው 120 ዲግሪው ላይ ነው። በዚህ ዘዴ የተለመደው ማሟሟቻ 2-ሜቶክሲኤታኖል በ124 ዲግሪ አካባቢ፣ መፍትሄው እንዳይደፈርስ የሚጨመረው ሞኖኤታኖላሚን በ170 ነው የሚፈሉት፤ ዚንኩን የያዘው አሲቴት ደግሞ የሚፈርሰው ከ200 በላይ ነው። እናንተ ይህን ሁሉ ስምንት ንብርብር ሥር ቀብራችሁ በመጨረሻ 500 ላይ ታፈነዱታላችሁ፤ ሲወጣ ሽፋኑን ይበሳሳዋል፣ ብርሃኑም ይበተናል። እያንዳንዱን ንብርብር ሆት ፕሌት ላይ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ አቆዩት። የመጨረሻውን ሙቀት በደቂቃ 5 ዲግሪ እየጨመራችሁ ውጡ፤ ተራ የመስኮት መስታወት ወይም ስላይድ ከሆነ 500 ለብርጭቆው ጠርዝ ነው፤ መጣመም ይጀምራል፣ ሶዲየሙም ወደ ሽፋኑ ይሰርጋል። 450 ይበቃችኋል።

መፍትሄውንም ፈትሹ። ለ20 ሚሊ ሊትር 2.195 ግራም ዚንክ አሲቴት ዳይሃይድሬትና 0.60 ሚሊ ሊትር ሞኖኤታኖላሚን ያስፈልጋል፤ ይህ በሞል አንድ ለአንድ ነው። አሚኑ ካነሰ መፍትሄው ይደፈርሳል። በ60 ዲግሪ ሁለት ሰዓት አማስሉ፣ አንድ ቀን አሳድሩ፣ በ0.2 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፉ። ብርጭቆው በሳሙና፣ በአሴቶንና በኢሶፕሮፓኖል ከታጠበ በኋላ ውሃ ሲፈስበት ወጥ ሆኖ ካልተዘረጋና ነጠብጣብ ከሠራ አልጠራም። ክረምት ላይ አየሩ ሲረጥብም ሽፋኑ ይነጣል፤ መፍትሄውን እያሽከረከረ የሚዘረጋው ስፒን ኮተር አጠገብ የእርጥበት መለኪያ አስቀምጡ።

ባንድ ጋፑን በተመለከተ፣ ዚንክ ኦክሳይድ ቀጥተኛ ባንድ ጋፕ ስላለው ከብርሃኑ ጉልበት አንጻር የሚሳለው የአልፋ ኤች ኒው (የመምጠጥ መጠኑ ሲባዛ በብርሃኑ ጉልበት) ካሬ ነው። ስኩዌር ሩት ስላችሁ ከሆነ ዝቅ ያለ ቁጥር መምጣቱ አይቀርም። ካሬውን ተጠቅማችሁም ጭጋጉ የበተነው ብርሃን ስፔክትሮሜትሩ ላይ እንደ መምጠጥ ይመዘገባል። ስለዚህ ቀጥታውን መስመር እስከ ዜሮ ከመጎተት ይልቅ፣ ከጠርዙ በታች ባለው ዝቅተኛ ጉልበት ላይም አንድ መስመር ስላችሁ ሁለቱ የሚቋረጡበትን አንብቡ። 3.27 አካባቢ፣ ማለትም 379 ናኖ ሜትር ላይ ከመጣ ትክክል ናችሁ። ውፍረቱን መሳሳታችሁ እዚህ አይጎዳም፤ መስመሩን ያዘነብለዋል እንጂ መቁረጫውን አያንቀሳቅስም።

ለሬዚስቲቪቲ ግን ውፍረቱ ወሳኝ ነው። በትራንስሚሽኑ ላይ ሞገድ የምታዩ ከሆነ ከሁለት ተከታታይ ጫፎች አስሉት፦ የሁለቱ የሞገድ ርዝመት ብዜት፣ ሲካፈል በልዩነታቸውና በሪፍራክቲቭ ኢንዴክሱ ሁለት እጥፍ። ለምሳሌ ጫፎቹ 500 እና 700 ላይ ከሆኑ፣ ኢንዴክሱን 1.95 ብንወስድ 449 ናኖ ሜትር ይሆናል። በሚዛን አትሞክሩት፤ 2.5 በ2.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ 300 ናኖ ሜትር ሽፋን አንድ ሚሊ ግራም ነው የሚመዝነው።

ጠዋትና ከሰዓት የመለያየቱ ምክንያት ብርሃን ነው። በሽፋኑ ቅንጣቶች ድንበር ላይ የተለጠፈ ኦክስጅን ኤሌክትሮን ይይዛል፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ሲያርፍበት ኦክስጅኑ ይለቅና ሬዚስታንሱ ይወድቃል፤ ለመመለስ ሰዓታት ይፈጃል። ናሙናውን ጨለማ ውስጥ አሳድራችሁ በጨለማ ለኩ። በአራት መርፌ ስትለኩም 4.53 የሚለውን ማባዣ ቁጥር ዝም ብላችሁ አትጠቀሙ፤ እሱ ለሰፊ ሽፋን ነው። 10 በ10 ሚሊ ሜትር ለሆነ ናሙና በመርፌዎቹ መካከል 1.59 ሚሊ ሜትር ካለ ወደ 3.8 ይወርዳል፤ በ4.53 ካሰላችሁ ሬዚስታንሱን 20 በመቶ ያህል ታጋንኑታላችሁ።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ አማካሪያችሁ ልክ ናቸው። ከ1 እስከ 2 በመቶ አሉሚኒየም ጀምሩ። 1 በመቶ ማለት ለ20 ሚሊ ሊትራችሁ 0.0375 ግራም አሉሚኒየም ናይትሬት ኖናሃይድሬት ነው፤ ይህን ባለ 0.01 ግራም ሚዛን አይመዝነውም፣ ስለዚህ ወፍራም መፍትሄ ሠርታችሁ በፒፔት ውሰዱ። ከ3 በመቶ ካለፋችሁ ትርፉ አሉሚኒየም ድንበሩ ላይ ተከማችቶ ሬዚስታንሱን መልሶ ያሳድገዋል። 5 በመቶ ሃይድሮጅን ባለው ናይትሮጅን ውስጥ በ400 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ማሞቅም ኦክስጅኑን ያራግፋል። ከዚህ በኋላ ባንድ ጋፑ ከ3.3 ከፍ ቢል አትደንግጡ፤ ኤሌክትሮን ሲበዛ የሚጠበቅ ነው፣ በርስታይን-ሞስ ብላችሁ ጻፉት።

2-ሜቶክሲኤታኖል በቆዳም በትንፋሽም ይገባል፤ የመውለድ አቅምንና ፅንስን ይጎዳል። ሆት ፕሌቱም ስፒን ኮተሩም ፊውም ሁድ ውስጥ ይሁኑ፤ ስሱ የላቴክስ ጓንት አያግደውም፣ ቢውታይል ይሻላል። ነፍሰ ጡር የሆነች ባልደረባ ካለች መፍትሄውን በኢሶፕሮፓኖል ሥሩት፤ ቶሎ ስለሚተን 0.3 ሞላር አድርጋችሁ ንብርብሩን ጨምሩ።